ብልጭታና አሸዋማ መልክ፤ ስለ ጥምቀት ድባቦች የቀረበ ትችት

«ብልጭልጭ» የሚለው ቃል በብዙዎቻችን አነጋገር የነቀፋ ቃል ነው፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ለዛ ቢስ ይመስለናል። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት በመዘገበው በጥምቀት በዓል፣ በባሕር ዳር ታቦታቱን የሚያጅቡትን ድባቦች በዚህ ሚዛን መመዘን ግን ትክክል አይመስለኝም። ምክንያቱም ቃሉ ዓይን የሚለያቸውን ሁለት ነገሮች ያደባልቃል።

አንደኛው ብልጭታ ነው። በድባቡ ከፋይ ላይ የተሰፋው እያንዳንዱ አብረቅራቂ ክብ እንደ ትንሽ መስታወት የፀሐይን ጨረር ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ ስለዚህ ድባቡ ዘንበል ባለ ቊጥር አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራል። ሁለተኛው አሸዋማ መልክ ነው። ሰማዩ ሲደመን ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ብልጭታው ይሞታል፤ የሚቀረው ደማቅና ጨለም ያለ ነጥብ የተነሰነሰበት ገጽ ነው። የአሉሚኒየም ቅንጣት ያለበት የመኪና ቀለምም ይህንኑ ጠባይ ያሳያል፤ ባለሙያዎችም ብልጭታውን በቀጥተኛ፣ አሸዋማነቱን በተበተነ ብርሃን ለይተው ይለካሉ።

ርቀትም ይለያቸዋል። ጤናማ ዓይን ለይቶ ማየት የሚችለው እስከ 1/60 ዲግሪ ያህል ነው፤ ስለዚህ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ከ17 ሜትር ገደማ ወዲያ ቅርጹ አይለይም፤ አሸዋማነቱም ይጠፋል። ብልጭታው ግን፣ የኮከብ ስፋቱ ሳይለይ ብርሃኑ እንደሚታይ ሁሉ፣ ከሩቅ ይደርሳል። ከሕዝቡ ኋላ የቆመ ሰው ጥልፉን ባያይ እንኳ ታቦቱ የት እንደ ደረሰ በዚህ ያውቃል። እንግዲህ ብልጭታው ከንቱ ጌጥ አይደለም፤ ሥራ አለው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ድባብ እኩል አይደለም። ጠቆር ያለ ከፋይ ብርሃንን ስለሚውጥ በላዩ ያለው ብልጭታ ጐልቶ ይወጣል። መደቡ ሳቲን የሆነ እንደ ሆነ ግን ጨርቁ ራሱ ስለሚያብረቀርቅ ብልጭታው ይዋጣል። ነቀፋ የሚገባው እንዲህ ያለው ነው።

በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች በበሮቹ በሚገባ ለስላሳ ብርሃን ስለሚታዩ ብልጭታ አያሻቸውም። ድባብ ግን የአደባባይ ሥራ ነው። ስለዚህ ገዢም ሆነ ተቺ በሱቅ ውስጥ አይቶ አይፍረድ፤ ደጅ ያውጣው፣ በፀሐይ ያዘንብለው፣ 30 ርምጃም ርቆ ይመልከተው።