ስለ አንድ የግሪክ ሠርግና ስለ ሙሽራው ጥምቀት

የቅኔ መምህር በሲኒማ ነገር ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» የተባለው፥ ባማርኛ «ድግሱ የበዛ የግሪክ ሠርጌ» እንደ ማለት ያለው የአሜሪካ ሲኒማ፥ በመካከሉ አንድ ጐልማሳ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ ያሳያል፤ ተመልካቹም በዚያ ስፍራ ላይ ይስቃል። በጥምቀት የሚሳቅ ከሆነ ነገሩ ከደጃችን ደርሷልና የሳቁን ምክንያት መመርመር ከካህናት ሥራ ውጭ አይደለም። ደግሞም ኮሜዲያ የቅኔ ዘመድ ነው፤ በላዩ ሰም አለው፥ በውስጡም ወርቅ ሊኖረው ይገባል።

ሲኒማው የወጣው በሚያዝያ ወር 1994 ዓ.ም.፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2002 ዓመት ነው። ድርሰቱን የጻፈችውም ሙሽራዪቱን ሆና የተጫወተችውም በካናዳ ከግሪክ ዘር የተወለደችው ኒያ ቫርዳሎስ ናት። አስቀድማ ብቻዋን በመድረክ ቆማ የዘመዶቿን ነገር ትተርክ ነበር፤ ይህንንም ሪታ ዊልሰን የተባለች፥ እርሷም የግሪክ ዘር ያለባት ተዋናይት አይታ፥ ከባሏ ከቶም ሃንክስ ጋራ ሆና ወደ ሲኒማ እንዲገባ አደረገች። 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በዓለም ሁሉ ከ360 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገባ። ይሁን እንጂ በአሜሪካ በአንድ ሳምንት ስንኳ ከሲኒማዎች ሁሉ አንደኛ ሆኖ አያውቅም። አንዱ ላንዱ እየነገረ ሕዝቡ ብዙ ወራት ሲመላለስበት ኖረ፤ ሁሉ የራሱን አክስትና የራሱን አጐት አይቶበታልና።

ታሪኩ አጭር ነው። ጋስ ፖርቶካሎስ የሚባል የግሪክ ስደተኛ በሺካጎ ከተማ «ዳንሲንግ ዞርባስ» የሚባል ምግብ ቤት አለው። ሴት ልጁ ቱላ 30 ዓመት ሞልቷት ሳታገባ በዚያ ታገለግላለች፤ አባቷም ከግሪክ በቀር ሌላ እንድታገባ አይሻም። እርሷ ግን ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ተምራ፥ በአክስቷ የጉዞ ወኪል ቤት ሥራ ያዘች፤ በዚያም ሳለች ኢያን ሚለር የሚባል፥ ግሪክ ያልሆነ መምህር ወደዳት። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይህ ዝምተኛ ሰው በዚያ ጩኸታም ዘመድ መካከል እንዴት እንደ ገባ የሚናገር ነው።

ሰሙ ጥሩ ነው። አባትየው የመስተዋት ማጽጃ ውኃ ለቁስልም ለሕመምም ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ ያምናል፤ እንዲህ ያለ አባት የሌለው ቤት በእኛም አገር ጥቂት ነው። እናትና አክስት በስውር ተማክረው የራሳቸውን ሐሳብ አባት ራሱ ያሰበው እስኪመስለው ድረስ ሲያደርሱት የምናይበትን ስፍራ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ የዋለ ሰው ሁሉ ይወደዋል። በሠርጉ ቀን ሙሽራዪቱ ስታልፍ ዘመዶቿ ከክፉ ዓይን እንድትጠበቅ እንትፍ እንትፍ ይሉባታል፤ የሙሽራው ወላጆች ግን ደንግጠው ይመለከታሉ። ሽማግሌ እንትፍ ብሎ ሲመርቅ እያየ ያደገ ያገራችን ሰው በዚህ ስፍራ ከግሪኮቹ ጋራ ይቆማል እንጂ ከፈረንጆቹ ጋራ አይቆምም።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ። ሙሽራው ሥጋ የማይበላ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ቤቱ ሁሉ በድንጋጤ ዝም አለ፤ አክስቲቱም የበግ ሥጋ እንደ ሥጋ የሚቈጠር አልመሰላትም። ቀልዱ ያስቃል። ነገር ግን ኦርቶዶክስ ነን የሚሉ ሰዎች ሥጋ ያልበላ ሰው አይተው እንዲህ መደንገጣቸው ምንድር ነው? በዓመት ውስጥ ስንት የጾም ቀን እንዳላቸው የረሱት ይመስላል። በእኛ ዘንድ ቢሆን የሽሮ ወጥ ሠርተው ይገላገሉ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ የአባትየው የቃል ፍቺ ነው። ማናቸውንም ቃል ቢያመጡለት ሥሩ ግሪክ ነው ብሎ ያስረዳል፤ ኪሞኖ የሚባለውን የጃፓኖች ልብስ ስንኳ ከግሪክ የክረምት ስም አውጥቶ ተረጐመው። እንዲህ ያለውን ሰው እናውቀዋለን፤ ቃልን ሁሉ በግድ ከግእዝ የሚያወጣ ሊቅ በየደብሩ አይጠፋምና። ጋስ ወደ እኛ ቢመጣ ግን ብዙ ጊዜ እውነተኛ በሆነ ነበር፤ ወንጌል፥ ሲኖዶስ፥ ጳጳስ፥ ዲያቆን፥ ጰራቅሊጦስ፥ በየቤታችን የቆመው ጠረጴዛም ሥራቸው ጽርእ ነው። በድግሱ ላይ ቆሞ ሲናገርም የሚለርን ስም ከግሪክ የፖም ስም አወጣው፤ የራሱን ስም ደግሞ ብርቱካን ብሎ ፈታውና ሁለቱን ቤት ባንድ የፍሬ ቅርጫት አስታረቃቸው። ነገሩ ያማረ ነው። ዳሩ ግን ጋስ ያላየው ኅብር ገና በውስጡ አለ። ሚለር በእንግሊዝኛ ባለ ወፍጮ ማለት ነው እንጂ ከፖም ጋራ ዝምድና የለውም። «ፖርቶካሊ» የሚለው የግሪኮች ቃልም የወጣው ከፖርቱጋል አገር ስም ነው፤ የእኛም «ብርቱካን» በዐረብ በኩል የመጣ የዚያው ስም ወንድም ነው። ቃል ሁሉ ከግሪክ ነው ሲል የኖረው ሰው የቤቱን ስም ያገኘው ከባዕድ አገር ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ውስጠ ወይራ ባንድ የድግስ ንግግር ውስጥ ማግኘት ለቅኔ ተማሪ ታላቅ ደስታ ነው።

አሁን ወደ ጥምቀቱ እንምጣ። ቱላ በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት እንድትጋባ ኢያን ኦርቶዶክስ መሆን ያስፈልገዋል፤ እርሱም ሳይከራከር እሺ አለ። ከዚያ በኋላ የምናየው፥ ሕፃናት በሚጫወቱበት የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ቆሞ፥ ዘይት ተቀብቶ ሲጠመቅ ነው። ነገሩ ከኑሮ የተቀዳ ነው፤ የጸሐፊዪቱ ባል የነበረው ኢያን ጎሜዝ ከጋብቻቸው በፊት እንዲሁ ወደ ኦርቶዶክስ ገብቷል፥ በሲኒማውም ውስጥ የሙሽራው ጓደኛ ሆኖ ይጫወታል። በገንዳው አልተቈጣሁም። ለጐልማሳ የሚበቃ መጠመቂያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን በተገኘው ዕቃ ቢጠቀም ምሥጢሩ አይጐድልም፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በመንገድ ዳር በተገኘ ውኃ ተጠምቋልና። በተክሊሉም ስፍራ ሲኒማው አይቀልድም፤ አክሊላቱ በሁለቱ ራስ ላይ ሲደረጉ ያለ ሳቅ ያሳየናል፥ ይህም ሊመሰገን ይገባዋል።

ነቀፌታዬ ከገንዳው በፊትና ከገንዳው በኋላ ባለው ነገር ነው። ከገንዳው በፊት ትምህርት የለም። በጥንቱ ሥርዓት ወደ ጥምቀት የሚመጣ ሰው ንኡሰ ክርስቲያን ተብሎ ይማራል፥ ይጠየቃል፥ ይቈያል። ጃንደረባውም ወደ ውኃው የወረደው ፊልጶስ መጽሐፉን ከተረጐመለት በኋላ ነው። ኢያን ግን ምን እንዳመነ አንድ ሰው ሲጠይቀው አናይም፤ ካህኑም፥ ቱላም፥ እርሱም ራሱን አልጠየቁትም። ከገንዳው በኋላ ደግሞ አሁን ግሪክ ሆንሁ ብሎ ይናገራል። ኦርቶዶክስ ሆንሁ አላለም፤ ክርስቲያን ሆንሁም አላለም። የጾሙ መረሳት ከዚህ ጋራ ይገጥማል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሃይማኖት የወገን ልብስ ሆኗልና፥ ለእንግዳው የተሰጠውም ልብሱ ነው።

ይህች ቃል በጌዴኦ አገር ለኖረ ሰው አዲስ አትሆንበትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሠራዊት ወደ ደቡብ ከወረደ በኋላ፥ በብዙ ስፍራ ያገሩ ተወላጅ በተጠመቀ ጊዜ «አማራ ሆነ» ይባል ነበር። ወንጌልን ያመጣለት ሰውና ግብርን ያስከፈለው ሰው ካንድ ወገን ነበሩና ገባሩ ሁለቱን ለይቶ ለማየት ተቸገረ፤ የክርስቶስ ደጅ የመልከኛው ደጅ መሰለው። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በዚህ አገር የወንጌላውያን ማኅበራት እጅግ በዝተዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ይህ ግን አንዱ መሆኑን የሚክድ ካህን ራሱን ያታልላል። በዲላ ከተማ ጌዴኦው፥ ጉራጌው፥ አማራው፥ ኦሮሞው፥ ሲዳማው ባንድ ገበያ ቡና እየሸጠ፥ ባንድ ሰፈር ልጅ እያሳደገ ይኖራል፤ ልጆቹም ይዋደዳሉ። ስለዚህ ላገባት እሻለሁና አጥምቁኝ ብሎ የሚመጣ ጐልማሳ እንግዳ ነገር አይደለም። ምን አመንህ ብሎ የሚጠይቀው ካህን አለ፤ የማን ልጅ ልታገባ ነው ብቻ ብሎ የሚያልፈውም አለ። ኋለኛው ካህን በሺካጎው ገንዳ ቢሳለቅ ያሳፍራል።

ግሪኮች ራሳቸው ይህን በሽታ ለይተው ያውቁታል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1872 ዓመት በቍስጥንጥንያ የተሰበሰበው ሲኖዶስ፥ የቡልጋሮች ቤተ ክርስቲያን ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ ቤተ ክርስቲያንን በነገድ መክፈልን «ፊሌቲስሞስ» ብሎ ሰይሞ አውግዞታል። እነርሱና እኛ ከ451 ዓመት የኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የተለያየን ብንሆንም በዚህ ፍርድ ላይ የምንከራከርበት ነገር የለም። የእኛም የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበረ፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ከአትናቴዎስ እጅ ተሾሞ መጣ፤ በአዲስ አበባ ያለው የግሪኮች ቤተ ክርስቲያንም በስሙ ይጠራል። በእርሱ እጅ የተጠመቀ አክሱማዊ ግን ጽርእ ሆንሁ አላለም፤ በራሱ ቋንቋ በግእዝ ቀደሰ እንጂ።

የሲኒማው ሌላው ድካም የሚለር ቤት ባዶነት ነው። በፖርቶካሎስ ወገን እልፍ ዘመድ አለ፤ በሙሽራው ወገን ሁለት ዝምተኛ ወላጆች ብቻ ተቀምጠዋል። የኢያን እናት መካከሉ ቀዳዳ የሆነ ኬክ ይዛ መጣች፥ የቱላ እናትም ነገሩ ግራ ገብቷት በቀዳዳው ላይ የአበባ ማሰሮ አኖረችበት። ጨዋታው ግሩም ነው፤ ዳሩ ግን ጸሐፊዪቱ ለሚለር ቤት ሁሉ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ኢያን የሚተወው ነገር አልተሰጠውም። ሞዓባዊቱ ሩት ከኑኃሚን ጋራ ስትሄድ የአባቷን ቤት፥ አገሯንና አማልክቷን ትታለች፤ የሚጠብቃት ባልም አልነበረም። ታሪኳን ስናነብ ልባችን የሚነካ ስለዚህ ነው። ጆን ኮርቤት የተባለው ተዋናይ ባማረ ፈገግታው የኢያንን ጐደሎ ይሸፍነዋል እንጂ አይሞላውም። ግሪኮቹም በበኩላቸው ብዙ አልተዉም። ጋስ ለሙሽሮቹ ከራሱ ቤት አጠገብ ያለውን ቤት ገዛላቸው፤ ስጦታም ነው፥ ማሰሪያም ነው።

በዋሽንግተንና በሌሎች ያሜሪካ ከተሞች ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ዛሬ በጋስ ስፍራ ቆመዋል። ልጃቸው አሜሪካዊ ጐልማሳ ይዛ ትመጣለች፥ እርሱም ይጠመቃል። ከውኃው ወጥቶ አሁን ሐበሻ ሆንሁ ቢል እልል እንልለታለን ወይስ ወደ ትምህርቱ እንመልሰዋለን?

ከዚህ ሲኒማ በኋላ ሁለት ተከታዮች ወጥተዋል። ሦስተኛው በ2023 ዓመት፥ ጋስን ሆኖ የተጫወተው ሚካኤል ኮንስታንቲን በ2021 ካረፈ በኋላ የወጣ ነው፤ ያለ እርሱም ቤቱ ቀዝቅዟል። በ2016 የወጣው ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ያንሳል፥ ጨዋታውም ተደጋግሟል። ነገር ግን አንዲት ቁም ነገር ይዟል። ጋስ የዘሩን ታሪክ ለመመርመር የድሮ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ የጋብቻውን የምስክር ወረቀት አገኘው፤ ቢያየው ካህኑ አልፈረመበትም። ባዕዱን ሰው በውኃ ካላለፍህ አትገባም ያለው አባት፥ ይህን ሁሉ ዘመን ከሚስቱ ጋራ ያለ ፊርማ ሲኖር ኖሯል፤ በሽምግልናውም እንደ ገና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሙሽራ መሆን አስፈለገው።