ዱቄቱና አውድማው፦ ስለ አንድ የኢኮኖሜትሪክስ መማሪያ መጽሐፍ

ጄፍሪ ዉልድሪጅ «ኢንትሮዳክተሪ ኢኮኖሜትሪክስ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ2000 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ካሳተሙ ወዲህ መጽሐፉ በብዙ አገር የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች መማሪያ ሆኗል። እኛም የተማርነው በእርሱ ስለ ሆነ፥ ይህ ሒስ ከባለ ውለታ ተማሪዎች የሚቀርብ መሆኑን አስቀድመን እንገልጣለን።

የመጽሐፉ ትልቅ ዋጋ ትምህርቱን ከእውነተኛ መረጃ ጋር ማያያዙ ነው። ለምሳሌ በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተደረገ ጥናት የተወሰደውን የ526 ሠራተኞች ደመወዝና የትምህርት ዘመን ያቀርብልናል። በዚህ መረጃ ላይ ቀጥተኛ መስመር ሲሰመር፥ አንድ የትምህርት ዓመት በተጨመረ ቁጥር የሰዓት ደመወዝ በ54 ሳንቲም ከፍ ይላል። ነገር ግን ያው መስመር ጨርሶ ያልተማረ ሰው በየሰዓቱ 90 ሳንቲም ከኪሱ እየከፈለ ይሠራል ይለናል! ደራሲው ይህን አልሸሸጉም። ከ526ቱ መካከል ከ8 ዓመት በታች የተማሩት 18 ብቻ ስለ ሆኑ፥ መስመሩ ስለ እነርሱ የሚናገረው ሊታመን እንደማይገባ ያስረዳሉ።

ሌላው ምሳሌ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ 753 ባለ ትዳር ሴቶች የተሰበሰበው መረጃ ነው። ከእነዚህ መካከል ደመወዝ ያገኙ የነበሩት 428 ናቸው። በተለመደው ስሌት አንድ የትምህርት ዓመት ደመወዛቸውን 11 በመቶ ያህል ያሳድጋል፤ የአባታቸው ትምህርት እንደ መሣሪያ ተወስዶ ሲሰላ ግን 6 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ያውም ከዜሮ መለየቱ አጠራጣሪ ነው። ጥያቄው አንድ፥ መረጃው አንድ፥ መልሱ ግን ሁለት ሆነ። ተማሪ ትሕትናን የሚማረው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ጉድለቱ ምንድን ነው? መረጃው ተበጥሮ፥ ተነፍቶና ተፈጭቶ ይሰጠናል፤ ዱቄቱን እንጂ አውድማውን አናይም። ደራሲው በመጨረሻው ምዕራፍ ስለ መረጃ አሰባሰብና አመራመር ጥሩ ምክር ሰጥተዋል፤ ዳሩ ግን ምክር የሥራ ልምምድን አይተካም።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን ወደ አገራችን እንመልከት። በዚያን ጊዜ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄደው የቤተሰቦች ጥናት፥ ገበሬው የማሳውን ስፋት በራሱ መለኪያ እንዲናገር ተደርጓል፤ ብዙው ማሳም በሳተላይት መሣሪያ ተለክቷል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ስለዚህ የመረሬ አፈር ጥማድና የቀላል አፈር ጥማድ እኩል አይሆኑም፤ የበሬውም ጉልበት ይለያያል። ሁሉንም ሩብ ሄክታር ብሎ የሚያሰላ ተማሪ ስሕተቱን ኮምፒዩተሩ አይነግረውም።

በኡጋንዳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፥ ትንሽ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች መሬታቸውን አብዝተው የመናገር ዝንባሌ አላቸው። መሬቱ ሲበዛ በሄክታር የሚገኘው ምርት ያነሰ ይመስላል። እንግዲህ «ትንሽ ማሳ ነው ወይስ ትልቅ ማሳ በሄክታር የበለጠ የሚያመርት?» የሚለው ጥያቄ መልሱ በገመዱ ላይ ሊንጠለጠል ነው። በዚህ መልስ ላይ ተመሥርቶ የመሬት ፖሊሲ የሚመክር ሰው ደግሞ በገበሬው ኑሮ ላይ ይፈርዳል። መጽሐፉ በ9ኛው ምዕራፍ ስለ ልኬት ስሕተት የሚሰጠው ትምህርት ትክክል ነው፤ ነገር ግን በዋናነት የሚያስበው ስሕተቱ ከእውነተኛው መጠን ጋር ዝምድና የሌለው ሲሆን ነው። የገበሬው ስሕተት ግን እንዳየነው ከማሳው ስፋት ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ መጽሐፉ ይተው አንልም፤ ይጨመርበት እንላለን። መምህራኖቻችን ከመጀመሪያው ሪግሬሽን በፊት የጥያቄ ወረቀቱን ራሱን ቢያስነብቡን፥ ገበሬው የተናገረውንና መሣሪያው የለካውን ጎን ለጎን አስቀምጠን ልዩነቱን እንድናስረዳ ቢያዙን፥ ከብዙ ቀመር የበለጠ እንማራለን። ቁጥር ከመተንተኑ በፊት ከማን አፍ እንደ ወጣ መጠየቅ አለበት።