ስለ ማመንና ስለ ማስረጃ፤ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ በመዝሙር 72 እና በመዝሙር 93 ሲመዘን

ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባለውን መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ይቆማሉ። አንደኛው ወገን፥ የእግዚአብሔርን መኖር ያለ መጽሐፍና ያለ መምህር በልቡና ምርመራ ብቻ ያስረዳ ነው ብሎ ያመሰግነዋል። ሁለተኛው ወገን ይህንኑ ምስጋና ወደ ክስ መልሶ፥ በገዛ አእምሮው የተመካ ሰው ሥራ ነውና ወደ ምእመናን እጅ ሊገባ አይገባውም ይላል። የሚያመሰግነውና የሚከሰው ግን ሳያውቁት በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ይኸውም በመጽሐፉ የተነገረው ማስረጃ ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ የተገኘ ነው ማለታቸው ነው። ቃሉ ቀስ ተብሎ ሲነበብ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው።

መጽሐፉ ስለ ራሱ እንደሚተርከው፥ ዘርዐ ያዕቆብ በ1599 ዓ.ም. በአክሱም አጠገብ ከድኻ ገበሬ ተወለደ (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ዜማን፥ ቅኔን፥ በኋላም የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተምሮ በአክሱም አራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀብለው፥ በ1626 ለሮማው ፓፓ መታዘዛቸውን በአደባባይ አስታውቀው ነበርና፥ በሃይማኖት ምክንያት ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ዘርዐ ያዕቆብ ሲያስተምር የፈረንጆቹንና የግብጻውያኑን ትርጓሜ ጎን ለጎን ያኖር ነበር እንጂ፥ ይህ መልካም ነው ያ ክፉ ነው ብሎ አይፈርድም ነበር። ስለዚህ ከሁሉም ወገን ጠላት አገኘ። ከንጉሥ ዘንድ በተከሰሰ ጊዜም ጥቂት ወርቅና የሚጸልይበትን መዝሙረ ዳዊት ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አቅራቢያ በሚገኝ ዋሻ ውስጥም ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

ጥርጥሩ የመጣው በዚህ ዋሻ ነው። የመጣውም ከፍልስፍና ትምህርት አይደለም፤ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ሲገዳደሉ ከማየት ነው። ሰውን የሚጠብቅ አምላክ ካለ የሰው ጠባይ እንዴት እንዲህ ከፋ? በሰማይ የሚያውቅ አለን? የሚያውቅስ ካለ በስሙ ክፋት ሲሠራ ስለ ምን ዝም ይላል? እያለ ይጠይቃል። ከዚህም አልፎ አንድ ቀን ወደ ማን ነው የምጸልየው፥ የሚሰማኝስ አለን? ወደሚል አሳብ ወረደ፤ እጅግም አዘነ፤ ልቡን በንጽሕና መጠበቁ ሁሉ ከንቱ እንደ ሆነ ተሰማው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ ነው። የእግዚአብሔርን ዕውቀት የሚጠራጠረው ጥያቄ ከመዝሙር 72 የተወሰደ ነው፤ ንጽሕናዬ ከንቱ ሆነ የሚለውም ኀዘን ከዚያው መዝሙር የተወሰደ ነው። በዚያ መዝሙር ባለ ቅኔው ክፉዎች ሰላም አግኝተው፥ ሰውነታቸው ወፍሮ፥ መከራ ሳይነካቸው ሲኖሩ አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደ ቀረው ይናገራል። እንግዲህ ዘርዐ ያዕቆብ ሃይማኖቱን ሲጠራጠር እንኳ የተጠራጠረው በዳዊት አፍ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቃል ወጥቶ በራሱ ቃል የካደ የሚመስላቸው ሰዎች፥ ካህናት ዘወትር የሚደግሙትን መዝሙር አላስታወሱም። ጥርጥርን በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ያኖረው፥ ምእመናንም በአፋቸው እንዲሉት የሰጠው ዋሻው አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ከኀዘኑ ያወጣው ቃል ደግሞ ከመዝሙር 93 የመጣ ነው፤ ዳዊት፥ ጆሮንና ዓይንን የፈጠረው ራሱ የማይሰማና የማያይ ሊሆን እንደማይችል በጥያቄ መልክ የሚናገርበት ስፍራ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ይህን ቃል አስታውሶ፥ ይህን ጆሮ ማን ሰጠኝ? የሚያስብ አድርጎ ማን ፈጠረኝ? ብሎ ይጀምራል። ራሱን አልፈጠረም፤ ሳይፈጠር ምንም አልነበረምና። ወላጆቹ ፈጠሩት ቢባል፥ እነርሱንም የወለዱ አሉ፤ እነዚያንም ሌሎች፤ እንዲህ እያለ ወላጅ ወደሌላቸው ወደ ፊተኞቹ ይደርሳል፤ እነዚያንስ ማን አስገኘ? መጨረሻው ሌላ ያልፈጠረው ፈጣሪ ነው። ሰውን የሚያስብ አድርጎ የፈጠረም ራሱ ዕውቀት የሌለው ሊሆን አይችልም። ይህ የምርመራ መንገድ አዲስ አይደለም፤ በግሪክ፥ በዐረብና በላቲን ሊቃውንት ዘንድ ከእርሱ በፊት የታወቀ ነው። ከመዝሙር ጥቅስ ተነሥቶ፥ የሚሰማው ለመኖሩ በተጨነቀ ሰው አፍ መነገሩ ግን ከብዙዎቹ ይለየዋል።

ይሁን እንጂ መዝሙር 93 የተነገረበት ምክንያት ሲታይ፥ ዘርዐ ያዕቆብ የቃሉን ግማሽ ብቻ እንደ ወሰደ ይታወቃል። መዝሙሩ እግዚአብሔር የለም ለሚል ፈላስፋ መልስ የሚሰጥ አይደለም። መበለቲቱንና ስደተኛውን ገድለው፥ ወላጅ አልባውንም አጥፍተው፥ እግዚአብሔር አያይም አያስተውልም ለሚሉ ግፈኞች የተነገረ ተግሣጽ ነው። ጆሮን የፈጠረ ይሰማል ሲል፥ የተገፋውን ጩኸት ይሰማል ማለት ነው። አንድም፥ ፍርዱን ያመጣል ማለት ነው። እንግዲህ የዳዊት ጥያቄ ከመስማት አልፎ ወደ ፍርድ ይሄዳል፤ የዘርዐ ያዕቆብ ምርመራ ግን ከመስማት ወደ መኖር ይመለሳል። በዋሻው ውስጥ የጠየቀው፥ ስለ ምን ዝም ይላል? ብሎ ነበር። ያገኘው መልስ ደግሞ፥ ዐዋቂ ፈጣሪ አለ የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጥያቄው ያጠረ ነው። ፈጣሪ ዐዋቂ ነው ማለትና በተከዜ ዳር በዋሻ ለተደበቀው ለዚህ ሰው ያስብለታል ማለት አንድ አይደለም፤ በመካከላቸው በምርመራ ብቻ የማይሻገሩት ገደል አለ።

ገደሉን የተሻገረበትን መንገድ መጽሐፉ ራሱ አይሰውረውም። ፈጣሪው ቢጸልይ እንደሚሰማው ባሰበ ጊዜ ደስ እንዳለው፥ በታላቅ ተስፋም እንደ ጸለየ ይናገራል። ከመጽሐፉ ሁሉ እጅግ የሚያምረው ስፍራ ምናልባት ይህ ነው፤ አመስጋኞቹም ከሳሾቹም ቸኵለው የሚያልፉት ግን ይህንኑ ነው። ማስረጃው እስከ ደጁ አደረሰው፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን በተስፋና በጸሎት ነው። በዚህ ስፍራ መዝሙር 72ን እስከ ፍጻሜው ቢከተለው ኖሮ፥ ባለ ቅኔው ነገሩ እስኪገለጥለት ድረስ እንደ ደከመ፥ ወደ እግዚአብሔር መቅደስ ገብቶም የክፉዎችን ፍጻሜ እንዳስተዋለ፥ ከዚያም ቀኝ እጁን እንደ ያዘው እንደ ተናገረ ባገኘው ነበር። በዚያ ዘመን መቅደሱ ራሱ ጠብ የሞላበት ሆኖ ስለ ነበር፥ ዋሻውን መቅደስ ቢያደርገው የሚፈረድበት አይደለም።

የመጽሐፉ ድካም ጎልቶ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ሰዎች ሁሉ ሃይማኖታቸው ቀና እንደ ሆነ የሚናገሩ መሆናቸውን አይቶ፥ ማን ይፈርዳል? ብሎ ይጠይቃል፤ ፈራጁም እግዚአብሔር በሰው ልብ ያኖረው የልቡና ብርሃን ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ጾምን፥ ምንኵስናን፥ ስለ ተአምራትም የሚነገረውን እየመዘነ ብዙውን ይጥላል፤ ሰዎች ይዋሻሉና፥ ያለ ምርመራም ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይቀበላሉና። ሰዎች መዋሸታቸውስ እውነት ነው። ነገር ግን አንባቢ ስለ ዋሻው፥ ስለ ስደቱ፥ በጭንቅ ስለ ተገኘው ተስፋ የሚያውቀው ከምንድር ነው? ከአንድ ሰው ምስክርነት ነው። የሌሎችን ምስክርነት ሰው ሁሉ ሊዋሽ ይችላል ብሎ የሚጥል፥ የገዛ ምስክርነቱን ግን ያለ ማስረጃ እመኑኝ የሚል መጽሐፍ፥ ሚዛኑን በራሱ ላይ አላነሣም።

የሚደንቀው ነገር፥ ይህ ሚዛን ኋላ በመጽሐፉ ላይ መነሣቱ ነው። ሐተታው በ1667 እንደ ተጻፈ ይናገራል፤ ነገር ግን ለሊቃውንት የታወቀው በ1850ዎቹ ዓመታት፥ የካፑቺን ማኅበር መነኵሴ የነበሩት ጣሊያናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ለአንቷን ዳባዲ በላኩት ጊዜ ነው፤ ብራናዎቹም ኋላ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። በ1904 ኤኖ ሊትማን ግእዙን ከላቲን ትርጕም ጋር አሳተመ። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን የራሱ የጁስቶ ሥራ ነው ብሎ ጻፈ። በ1970ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ክላውድ ሰምነር በብዙ ድካም የኢትዮጵያዊነቱን ነገር ተከራከረለት፤ በ2013 ደግሞ አናይስ ቪዮን የኮንቲ ሮሲኒን አሳብ አድሳ አቀረበች። ክርክሩ አልተዘጋም። እንዲህም ሲሆን መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች እርግጠኛው ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ አንብቡን አላቆሙም። ቃሉን ሰምተው፥ የሚናገረውን ሰው ድምፅ ለይተው፥ አመኑት ወይም ተጠራጠሩት። መጽሐፉ ከአባቶች ትረካ የነሣውን እምነት አንባቢዎቹ ለእርሱ ሰጡት።

ይህን ያህል ከተባለ፥ ስለ ቶማስ የሚነሣውን ነገር ማለፍ አይገባም። ማመን ማስረጃ አይሻም የሚሉ ሰባክያን የዮሐንስን ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ ጠቅሰው፥ ቶማስን የጥርጥር አባት አድርገው ይነቅፉታል። ወንጌሉ ግን ቶማስ ባልነበረበት በመጀመሪያው ማታ፥ ጌታ ለሌሎቹ ደቀ መዛሙርት እጆቹንና ጎኑን እንዳሳያቸው፥ እነርሱም አይተው ደስ እንዳላቸው አስቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ ቶማስ፥ ልዳስስ ማለቱን ብቻ ጨመረበት እንጂ፥ የለመነው በመሠረቱ ለባልንጀሮቹ ሳይለምኑ የተሰጣቸውን ነው። ደግሞም እስከ ስምንተኛው ቀን ድረስ አላምንም ያለው ሰው ከእነርሱ ጋር በተዘጋው ቤት ውስጥ ነበረ፤ እነርሱ አላስወጡትም፥ እርሱም ትቶአቸው አልሄደም። ዳስስ ከተባለ በኋላ ግን ወንጌላዊው የቶማስን ምስክርነት ይጽፋል እንጂ እጁ ቍስሉን መንካቱን አይጽፍም። እጁ በመለኮት እሳት ልትቃጠል እንደ ነበረ፥ ባመነም ጊዜ እንደ ዳነች የሚተርኩ አባቶች አሉ፤ ሠዓሊዎችም ጣቱን በጎኑ አግብተው ይሥላሉ። የወንጌሉ ዝምታ ግን የሚናቅ አይደለም፤ የለመነው ማስረጃ በቀረበለት ጊዜ ምናልባት አላስፈለገውምና።

ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው የተባለውም፥ ያለ ምክንያት የሚያምኑ ማለት አይደለም። ወንጌላዊው ወዲያው፥ ይህ ሁሉ የተጻፈው አንባቢ እንዲያምን ነው ብሎ ምክንያቱን ይሰጣል። ዓይን ባላየበት ስፍራ ያኖረው ምስክርን ነው። ምስክር ደግሞ ከማስረጃ ይለያል፤ ማስረጃ የሰሚውን አእምሮ ያስገድዳል፥ ምስክር ግን የሚናገረውን ሰው እንዲያምነው ወይም እንዲክደው ለሰሚው ይተወዋል። የሐተታው ጸሓፊ ይህን ልዩነት ቢያይ ኖሮ፥ ከጣላቸው ብዙዎቹን ቀስ ብሎ በመረመረ ነበር፤ አንዳንዶቹን ምናልባት መልሶ ይጥላቸው ነበር፥ ሁሉን ግን በአንድ ቃል ባልጣለ ነበር።

መጽሐፉን የሚያወግዙ መምህራንም የሚያስቡት ነገር አላቸው። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ሐተታ ማለት እንግዳ ቃል አይደለም፤ መተርጕማን የንባቡን ትርጕም ከሰጡ በኋላ የሚነሣውን ጥያቄ አንሥተው የሚያብራሩበት ክፍል ስሙ ሐተታ ነው። ጥያቄ ማንሣት የትርጓሜው ክፍል ከሆነ፥ የጠየቀን ተማሪ ከሓዲ ብሎ ማስወጣት ከዚያው ቤት ልማድ ጋር አይስማማም። ለሚሰማኝ አለን? የሚል ወጣት ዝም በል ተብሎ ቢባረር፥ ከመዝሙር 72 ውስጥ የጥርጥሩን ቃል ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ መቅደሱ የሚነሣበትን ክፍል ሳይሰማ።

በማርቆስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ልጁ የታመመበት አባት በአንድ ትንፋሽ ማመኑንና አለማመኑን አብሮ ይናገራል፤ ስለ አለማመኑም ራሱ ርዳታ ይለምናል። ወንጌላዊው፥ ጌታ አስቀድመህ ጥርጥርህን ጨርስ እንዳለው አልጻፈም፤ ርኩሱን መንፈስ እንደ ገሠጸው፥ ብላቴናውንም እጁን ይዞ እንዳስነሣው ጽፎአል።