ጎብሊን በምን ይባረራል?

የእንግሊዝን ተረት ለልጆች ስተረጉም «ጎብሊን» ያለውን ሁሉ «ጋኔን» እያልኩ አልፍ ነበር። አንድ ማታ ረቂቁን ሳነብላት የእህቴ ልጅ አቋረጠችኝ፤ «ጋኔን ከሆነ በስመ አብ ብለው ለምን አያባርሩትም?»

እውነቷን ነው። መጽሐፉ ጆርጅ ማክዶናልድ በ1872 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የልዕልቲቱና የጎብሊኑ ታሪክ ነው። እዚያ የጎብሊን ራስ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ እግሩ ግን ጣት የሌለውና ልፍስፍስ ነው። የማዕድን ቆፋሪው ልጅ ከርዲ ግጥም እየደረደረ ያባርራቸዋል፤ ግጥም መስማት አይችሉም። በዚያ ካልተመለሱ እግራቸውን ይረግጣል።

ከዚያ ማታ ወዲህ አንድ ፍጡር ሲገጥመኝ አስቀድሜ የምጠይቀው «ሰዎች በምን ይመልሱታል?» ብዬ ነው። ጎብሊን ከፌሪ ወገን ነው ወይስ አይደለም የሚለውም የሚፈታልኝ በዚህ ነው።

ፌሪ ሲባል ዛሬ ክንፍ ያላት ትንሽ ልጅ ትታየናለች። የጥንቱ ገበሬ የሚያውቀው ግን ከሰው ጎን ተሰውሮ የሚኖር፣ ደጉም ክፉውም ያለበት ሙሉ ሕዝብ ነው፤ ስሙን ላለመጥራት «ደጋጎቹ ጎረቤቶች» ይለው ነበር። ጎብሊን የዚህ ሕዝብ ተንኮለኛና መልከ ጥፉ ወገን ነው። በሼክስፒር «የበጋ ሌሊት ሕልም» ውስጥ ፐክ ሆብጎብሊን ይባላል፤ ጌታው ግን የፌሪዎቹ ንጉሥ ኦቤሮን ነው። ይኸው ፐክ ሮቢን ጉድፌሎ በሚለው ስሙ በየቤቱ ይታወቅ ነበር። ጸሐፊው ሬጅናልድ ስኮት በ1584 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሌሊት ብቅል ስለሚፈጭና ቤት ስለሚጠርግ የሴት አያቶች ገረዶች ወተት ያስቀምጡለት ነበር። በወተት የሚታረቀውን ጋኔን ማለት በደል ነው። ለእሱ የሚቀርበው «ቆሌ» ነው፤ ድርሻውን ካገኘ ቤት ይጠብቃል፣ ከተረሳ ይቆጣል።

የ12ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ኦርደሪክ ቪታሊስ የጻፈው የኤቭሩ ከተማው ጎቤሊኑስ ደግሞ ቅዱስ ያባረረው ርኩስ መንፈስ ነው፤ እሱን ጋኔን ብለው አላጠፋሁም። የማክዶናልዶቹ ግን ድሮ ሰዎች ነበሩ፤ በንጉሥ ግብር ተማርረው ከምድር በታች ገቡ ይባላል። እነሱ ፌሪም ጋኔንም አይደሉም።

ለእነሱ «ጎብሊን» የሚለውን እንዳለ ተውኩትና ምዕራፉን እንደገና አነበብኩላት። ጎብሊኖቹ ከርዲን ከበው ሲጠጉት ብድግ አለች፤ «እግራቸውን! እግራቸውን ርገጥ!»