የፍሪሲዮን ልክ
የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ማስተካከልን የሚያህል የሚያረካ የጥገና ሥራ አላውቅም። የሚጠይቀው አንድ ሁለት ቁልፍና ንቁ እጅ ነው። በብዙ ሞተሮች የእጀታው ጫፍ ሽቦውን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ማለት አለበት። ይህች ክፍተት ከጠፋች ፍሪሲዮኑ በደንብ አይዝም፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተልም፣ ሸራው ይቃጠላል። ከበዛች ደግሞ ማርሹ እየተንቋቋ አልገባም ይላል።

ጎበዝ መካኒክ ማቆያ ዳዶውን አላልቶ ማስተካከያውን በጥቂት በጥቂቱ ሲያዞር፣ በየመሐሉም እጀታውን በጣቱ ሲሞክር ማየት ደስ ይላል። መሪውን ግራና ቀኝ አዙሮ ክፍተቱ እንዳልተለወጠ ያረጋግጣል፤ ይህን የሚዘሉት ብዙዎች መሆናቸው ያሳዝናል። ከዚያ ዳዶውን አጥብቆ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፤ ሞተሩም ሳይዘል ይነሳል።