አእምሮ ያነበበው ማን ነው? ሰውየው ወይስ መጽሔቱ?

ምትሃተኛው መድረክ ላይ አንድ መጽሔት ይሰጣችኋል። «ደስ ያላችሁን ገጽ ግለጡ፤ የመጀመሪያዋን ቃል በልባችሁ ያዙ» ይላል። ከዚያ ትክ ብሎ ያያችሁና ቃሏን ይናገራታል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል።

እንደ ትርኢት ጎበዝ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጎበዙ መጽሔቱ ነው፤ ለዚሁ ጨዋታ ተብሎ የታተመ ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ነው፤ ውስጡ ግን፣ ለምሳሌ፣ ገጾቹ ሁሉ በአንድ ቃል እንዲጀምሩ ሊደረግ ይችላል። መቶ ገጽ ቢኖረውም መልሱ አንድ ከሆነ ምርጫችሁ ምንም መረጃ አልያዘም። በኢንፎርሜሽን ቲዎሪ ዜሮ ቢት ይባላል።

የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፦ ዕቃው የሱ ሆኖ ሳለ «በሳይኮሎጂ አነበብኳችሁ» ሲል።

እስቲ ከዚህ ጋር አወዳድሩት። ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ያዙ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አሃዝ ቢያንስ በ2 ይበላለጡ። 742 እንበል። ገልብጡትና ከትልቁ ትንሹን ቀንሱ፦ 742 − 247 = 495። ውጤቱንም ገልብጣችሁ ደምሩ፦ 495 + 594 = 1089። በየትኛውም ቁጥር ብትጀምሩ 1089 ነው። አሁን የጓደኛችሁን የባዮሎጂ መጽሐፍ ተዋሱ፤ ገጽ 108 ላይ 9ኛዋን ቃል ቀድማችሁ አጥኑ። ይሄኛውም ዜሮ ቢት ነው፤ ግን በማንም መጽሐፍ ይሠራል፣ ምስጢሩ ሲገለጥም ሒሳብ ያስተምራል። ለኔ የተሻለው ጨዋታ ይሄ ነው።

የዕቃው ባለቤት ማን እንደሆነ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ዩሪ ጌለር በአእምሮው ኃይል ማንኪያ አጣምማለሁ እያለ ወደ ጆኒ ካርሰን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትርኢት መጣ። አዘጋጆቹ ምትሃተኛውን ጄምስ ራንዲን አማክረው ነበር፤ ዕቃዎቹን ራሳቸው አቀረቡ፣ የጌለር ሰዎችም እንዳይነኳቸው ተደረገ። ጌለር ምንም ማሳየት አልቻለም።

እንግዲህ ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ አንድ ሰው «ልብህን አውቃለሁ» ብሎ ቢያስደንቃችሁ አጨብጭቡለት። ቀጥሎ ለምክሩ ወይም ለመድኃኒቱ ብር ከጠየቀ ግን ነገሩ ትርኢት መሆኑ ቀርቷል። ያኔ ከቤታችሁ ያመጣችሁትን መጽሔት ስጡትና «በዚህ ድገመው» በሉት።