ያልተለዩ ታማሚዎች፦ የሸካራ ስብስብ ንድፈ ሐሳብ በገዳሪፍና በመተማ ቆላ ሲመዘን

ራፍ ሴት በመባል የሚታወቀውን የሸካራ ስብስብ ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው ፖላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዝጂስዋቭ ፓውላክ ነው። የንድፈ ሐሳቡ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፦ በእጅ ያለው መረጃ ሁለት ነገሮችን ለመለየት ሳይበቃ ሲቀር፣ በእርግጠኝነት ሊነገር የሚችለው ምንድን ነው?

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ ከድንበሩ ማዶም በመተማና በሑመራ ቆላ፣ ይህ ጥያቄ የጤና ባለሙያው የዕለት ተዕለት ፈተና ነው። አካባቢው ካላዛር ከጸናባቸው የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የተሰነጣጠቀ ዋልካና የግራር ጫካ ይስማማታል፤ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ ያድራል። የካላዛር ምልክቶች የቆየ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና መክሳት ናቸው። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ችግሩ ወባም በዚያው ምድር መኖሩ፣ እሱም ትኩሳት ማምጣቱና ጣፊያ ማሳበጡ ነው።

ፓውላክ ዕውቀትን የሚያየው በሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ታማሚ፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ምልክት ወይም ምርመራ ሲሆን፣ የመጨረሻው ዓምድ ውሳኔውን ይይዛል። በምልክቶቹ ዓምዶች ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑ ታማሚዎች በሰንጠረዡ ዘንድ የማይለዩ ናቸው። ለማስረዳት ያህል፣ ሁሉም ከሁለት ሳምንት በላይ ያተኮሳቸው 10 ታማሚዎች ይታሰቡ። አራቱ ጣፊያቸው አብጧል፣ የወባ ምርመራቸው ነጻ ነው፤ አራቱም ካላዛር ተገኘባቸው። ሦስቱ ጣፊያቸው አላበጠም፣ ወባ አለባቸው፤ ካላዛር ግን የለባቸውም። የቀሩት ሦስቱ ጣፊያቸውም አብጧል፣ ወባም አለባቸው፤ ከእነርሱ ካላዛር የተገኘበት አንዱ ብቻ ነው። በእርግጠኝነት የካላዛር ታማሚ የሚባሉት አራቱ የታችኛው ግምት ይባላሉ። ሊሆኑ የሚችሉት ሁሉ፣ ማለትም ሰባቱ፣ የላይኛው ግምት ናቸው። በመካከል ያሉት ሦስቱ ጥርጣሬው የሚኖርበት የወሰን ክልል ሲሆኑ፣ የግምቱ ትክክለኛነት መለኪያ ደግሞ 4 ለ7 ነው።

የወሰን ክልሉ የምሳሌ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በገዳሪፍና በሰናር ግዛቶች ተኝተው በታከሙ የካላዛር ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ወባና ካላዛር በአንድ ሰው ላይ አብረው እንደሚገኙ አሳይቷል። ወባ የተገኘበትን ታማሚ «ካላዛር የለበትም» ብሎ ማሰናበት እንግዲህ ከባድ ስሕተት ነው።

የንድፈ ሐሳቡ ሁለተኛ መሣሪያ ሪዳክት ይባላል፤ የመለየት አቅም ሳይቀንስ ብቻውን ሊበቃ የሚችለው አነስተኛው የዓምዶች ስብስብ ማለት ነው። ከላይ ባለው ሰንጠረዥ ጣፊያና የወባ ምርመራ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ትኩሳት ግን ቢሰረዝ የሚጎድል የለም። እዚህ ላይ የዘዴው ደካማ ጎን ይገለጣል። ትኩሳት ትርፍ የሆነው ሳይጠቅም ቀርቶ ሳይሆን፣ ወደ ሰንጠረዡ የገቡት ያተኮሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው። ሪዳክት ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ መዝገቡ ይናገራል፤ ይህን ልዩነት የዘነጋ ተመራማሪ የመዝገብ ቤቱን ልማድ የተፈጥሮ ሕግ ያደርገዋል።

ሎትፊ ዛዴህ እ.ኤ.አ. በ1965 ካቀረበው፣ አባልነትን በደረጃ ከሚለካው ፈዚ ሴት በተለየ፣ ሸካራ ስብስብ ባለሙያ የሚሰጠው የአባልነት ደረጃ አያሻውም፣ መረጃው ብቻ ይበቃዋል ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ጣፊያ «አበጠ» የሚባለው ከስንት ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እንደሆነ የሚወስነው ሰው እንጂ ሰንጠረዡ አይደለም። በዚያ ላይ አንድዜይ ስኮውሮንና ሴሲሊያ ራውሸር እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳሳዩት፣ ከሁሉ ያነሰውን ሪዳክት መፈለግ ዓምዶች ሲበዙ ለኮምፒውተርም እጅግ ከባድ ነው።

ይህም ሆኖ ዘዴው ለዕውቀት ቴክኖሎጂ የሰጠው ነገር ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቻይናዋ ቾንግቺንግ የተጀመረው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሸካራ ስብስብንና የዕውቀት ቴክኖሎጂን በስሙ ጭምር አጣምሯል። ተመራማሪው ዪዩ ያኦ ከሦስቱ ክልሎች፣ ማለትም በእርግጥ ከሆኑት፣ በእርግጥ ካልሆኑትና ከወሰኑ፣ የሦስትዮሽ ውሳኔን አዳብሯል፦ መቀበል፣ አለመቀበል፣ ለተጨማሪ ምርመራ ማቆየት። ከሰንጠረዡ የሚወጡት ደንቦችም «ይህና ይህ ከሆነ፣ እንዲህ ነው» የሚል መልክ ስላላቸው የጤና ጣቢያ ነርስ አንብባ ልትሞግታቸው ትችላለች። በገዳሪፍ ገጠር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አርኬ 39 የተባለው ፈጣን ምርመራ በምሥራቅ አፍሪካ ታማሚዎችን የማግኘት አቅሙ ከሕንድ ክፍለ አህጉር ያነሰ ነው፣ ከጣፊያ ናሙና መውሰድ ደግሞ የደም መፍሰስ አደጋ አለው። ማንን ወደዚህ አደጋ መላክ እንደሚገባ የሚጠቁመው የወሰን ክልሉ ነው።

የጎደለ ዓምድ የሚያስከፍለውን ዋጋ የደቡብ ጎንደሩ ሊቦ ከምከም ወረዳ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የካላዛር ወረርሽኝ መሆኑ ከመታወቁ በፊት፣ በሽታው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። በሽታውን ወደ ደጋው ሳያመጡት እንዳልቀሩ የሚታመነው በመተማና በሑመራ ቆላ ሠርተው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። በትኩሳት ብቻ የማይለዩትን ታማሚዎች ለመለየት «ባለፈው ዓመት የት ሠራህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙ ይረዳ ነበር። በገዳሪፍ፣ በመተማም ሆነ በጎንደር ያሉ የጤና መዝገቦች ይህን ዓምድ ሊይዙ፣ ያልተለየውንም ታማሚ ያለ ጊዜው ከመፈረጅ ይልቅ ያልተለየ ብለው ሊመዘግቡት ይገባል።